ስፒናውን ገና አትሰኩት፦ የቆየ ባለ ቫልቭ ሬዲዮን ማደስ

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ውስጥ ከአንድ ቤት ቆጥ ላይ የድሮ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ ወይም ቴሌፉንከን ሲወርድ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ይታወቃል። አቧራው ይጠረግና ስፒናው ሶኬት ላይ ይሰካል። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ኃይል ያልነካው ሬዲዮ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው። ቫልቮቹ፣ ማለትም ሲሠሩ የሚግሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ ደህና ነበሩ፤ ትራንስፎርመሩም ደህና ነበር። በዕድሜ ብዛት ማፍሰስ የጀመሩት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ግን ኃይል ሲያገኙ ሌላውን ይዘው ይጠፋሉ። ካፓሲተር በቀላሉ ይተካል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን እንደገና መጠምጠም አለበት፣ ያንን በወጉ የሚሠራ ባለሙያም በየከተማው አይገኝም።

እዚህ የምንጽፈው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለተሠሩት የአውሮፓ ሬዲዮዎች ነው። አብዛኞቹ ውስጥ ኢሲኤች 81፣ ኢኤፍ 89፣ ኢኤቢሲ 80፣ ኢኤል 84 እና ኢዜድ 80 የሚባሉ ቫልቮች አሉ። እነዚህ ቫልቮች ጠንካሮች ናቸው፤ ሬዲዮው ዝም ስላለ ብቻ ቫልቭ ፍለጋ ገንዘብ አታውጡ።

መክፈትና ማጽዳት

የጀርባው ካርቶን ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ብሎኑን ስትፈቱ በእጃችሁ ደግፉት። ማዞሪያዎቹ አንዳንዶቹ ተስበው ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ከጎናቸው ትንሽ ብሎን አላቸው። እምቢ ያለውን በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ባክላይቱ ይሰበራል። ከማዞሪያው ሥር ጠንካራ ክር አዙሩና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከሣጥኑ ሥር ያሉት አራት ብሎኖች ሲፈቱ ቻሲው፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ የተሰኩበት የብረት መደብ፣ ይወጣል። ማንኛውንም ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ከላይም ከታችም በስልክ ብዙ ፎቶ አንሱ። የዳያሉ ክር በየትኛው መዘውር ላይ በየት በኩል ስንት ጊዜ እንደዞረ ለብቻው በቅርበት አንሱት፤ ክሩ ከተበጠሰ በኋላ መንገዱን በግምት ማግኘት ከባድ ነው።

በደጋው ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል፦ የምድጃ ጥላሸትና የአይጥ ጎጆ። የአይጥ ጎጆ በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው በሽታ ያመጣል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ደጅ አውጥታችሁ፣ ውኃ ትንሽ ረጭታችሁ በጓንት አንሡት። የአይጥ ሽንት ብረቱን ያዝገዋል፣ ቀጫጭን የጥቅል ሽቦዎችንም ይበላል፤ ያረፈበትን ቦታ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ጥላሸቱን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ የቆየ ሬዲዮ ላይ ደግሞ ከካፓሲተሮቹ ቀልጦ የፈሰሰ ሰም ታያላችሁ፤ በጨርቅ አንሡት፣ በራሱ ጉዳት የለውም።

በዚህ ሰዓት የሚጠፋና የማይመለስ አንድ ነገር አለ። የዳያሉ መስታወት ላይ የተጻፉት የከተማ ስሞችና ቁጥሮች ቀለም ያረፈው ከመስታወቱ ኋላ በኩል ነው። ቀለሙ በዕድሜው ብዛት ከመስታወቱ ጋር የያዘው በጭንቅ ስለሆነ አልኮል ይቅርና እርጥብ ጨርቅም ያነሳዋል። የፊቱን ገጽ እንደፈለጋችሁ ጥረጉ፤ የኋላውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከመዳሰስ አትለፉ። ቫልቮቹ ላይ ያለው ጽሑፍም በጣት ሲታሽ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሳትጠርጉት ቁጥሩን መዝግቡ።

እርጥበት ያገኘው ቻሲ መድረቅ አለበት። ለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ነው። ቻሲውን ብቻ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ አሙቁት፣ ማታ አስገቡት። የእንጨት ሣጥኑን ግን ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ስስ ሽፋኑ ይላቀቃል።

የትኛው ዓይነት ነው?

ቫልቮቹ በምን ፊደል እንደሚጀምሩ እዩ። በ«ኢ» (E) ከጀመሩ ማሞቂያቸው 6.3 ቮልት ነው፣ ሬዲዮውም ብዙውን ጊዜ የኃይል ትራንስፎርመር አለው። ለጀማሪ የሚሻለው ይህ ነው።

በ«ዩ» (U) ከጀመሩ፣ ማለትም ዩሲኤች 81፣ ዩኤል 84፣ ዩዋይ 85 ከሆኑ፣ ትራንስፎርመር የለም። ማሞቂያዎቹ በተከታታይ ተያይዘው በ100 ሚሊ አምፒር ይሠራሉ፣ የመብራት መስመሩ አንዱ ሽቦም ከቻሲው ጋር ይገናኛል። ስፒናው በአንድ በኩል ሲሰካ ቻሲው ሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ለማረጋገጥ፣ ስፒናው ተነቅሎ የሬዲዮው ማብሪያ በርቶ በቴስተር ኦም ከየስፒናው እግር ወደ ቻሲው ለኩ፤ በአንዱ ዜሮ አካባቢ ካሳየ ያው ነው። እንዲህ ያለውን ሬዲዮ ያለ መነጠያ ትራንስፎርመር፣ ማለትም 220 ገብቶ 220 የሚወጣበት ሁለት የተለያየ ጥቅል ካለው ትራንስፎርመር ውጭ፣ ከፍታችሁ አትሥሩበት።

በ«ዲ» (D) የሚጀምሩት የድንጋይ ሬዲዮዎች ናቸው፤ መብራት ባልደረሰበት ገጠር ይሠሩ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የዲኬ 91፣ ዲኤፍ 91፣ ዲኤኤፍ 91 እና ዲኤል 92 ስብስብ ለማሞቂያው 1.4 ቮልት፣ በድምሩ 250 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይበቃዋል። ለከፍተኛው ቮልቴጅ የሚሠራው የ90 ቮልት ባትሪ ዛሬ ስለማይገኝ አሥር ባለ 9 ቮልት ድንጋዮች በተከታታይ አያይዙ። ሽቦዎቹን ከማገናኘታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ 90 ቮልቱ ለአፍታ ማሞቂያው ላይ ቢያርፍ አራቱም ቫልቮች አንድ ላይ ይበጠሳሉ። አንዳንዶቹ ሬዲዮዎች ደግሞ ማሞቂያዎቹን በተከታታይ አያይዘው 7.5 ወይም 9 ቮልት ይጠቀማሉ፤ የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነቡ ምንም አትስጡት።

ካፓሲተሮች

አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው፣ ከቸኮላችሁም የምትቸኩሉበት ቦታ ይህ አይሁን።

መጀመሪያ የድምፅ ቫልቩን ኢኤል 84 መቀመጫ ከታች ፈልጉ። እግሮቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ከታች ስታዩት ሰፊ ክፍተት ካለበት ጀምራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ቁጠሩ። 2ኛው እግር ላይ ከ0.01 እስከ 0.022 ማይክሮፋራድ የሚሆን አንድ ካፓሲተር ይመጣል፤ ሌላው ጫፉ ወደ ኢኤቢሲ 80 ይሄዳል። ከሬዲዮው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትቀይሩ ቢሆን ይህን ቀይሩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከካፓሲተሩ ወዲያ ማዶ ወደ 100 ቮልት አለ፤ ወዲህ ማዶ፣ 2ኛው እግር ላይ፣ ምንም ፖዘቲቭ ቮልት መኖር የለበትም። ወረቀትና ሰም የሆነው አሮጌ ካፓሲተር 20 ሜጋ ኦም ያህል ብቻ ቢያፈስና የእግሩ ሬዚስተር 680 ኪሎ ኦም ቢሆን፣ 2ኛው እግር ላይ ከ3 ቮልት በላይ ፖዘቲቭ ይቆማል። ኢኤል 84 በትክክል የሚሠራው ይህ እግር ከካቶዱ (3ኛው እግር) በ7 ቮልት ገደማ ዝቅ ሲል ስለሆነ፣ 3 ቮልት ከዚያ ላይ ሲነሳ ቫልቩ ከልክ በላይ ይስባል። መጀመሪያ ድምፁ ይሻክራል፤ ቀጥሎ የድምፅ ትራንስፎርመሩ፣ ሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ኃይል ወደ ቀጥታ የሚለውጠው ኢዜድ 80) እና የኃይል ትራንስፎርመሩ በየተራ ይግላሉ። የእጅ ቴስተር ኦም ላይ ሆኖ የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ ይህንኑ ካፓሲተር «ደህና ነው» ሊላችሁ ይችላል። አትመኑት።

ምትኩ ባለ 630 ቮልት የፊልም ካፓሲተር ነው። ከሱቅ ካጣችሁ የተበላሸ ቆጣቢ አምፖል ሥሩን ክፈቱ፤ 0.022 ወይም 0.047 የሆነ ባለ 400 ወይም 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ብዙ ጊዜ አለው። በዚያው አምፖል ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮሊቲክ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፍ ያለውን ካፓሲተር) ግን ተዉት፤ በሙቀት ያለቀ ነው። ሌሎቹንም ሰም የለበሱ ወይም ጥቁር ሬንጅ መሰል ሽፋን ያላቸው ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ቀይሩ። አንዱን ነቅላችሁ፣ አዲሱን በዚያው ቦታ በካውያ ይዛችሁ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ሁሉንም አንዴ ነቅሎ ለመመለስ መሞከር ስህተት ይጋብዛል። ሴራሚክና ማይካ የሆኑትን ትንንሾች አትንኩ፤ እምብዛም አይበላሹም፣ የጣቢያ መያዣው ስሌትም በእነሱ ላይ ነው።

ከመብራት ገመዱ መግቢያ ላይ ያለው ትንሽ ካፓሲተር ሌላ ነው። ሁለቱን የመብራት ሽቦዎች የሚያገናኝ ከሆነ «ኤክስ 2» የተጻፈበት፣ ከአንዱ ሽቦ ወደ ቻሲው የሚሄድ ከሆነ «ዋይ 2» የተጻፈበት ይሁን። ተራ ካፓሲተር እዚህ ቦታ ላይ ሲበላሽ እሳት ያስነሳል ወይም ሰው ይይዛል። ኤክስ 2 ከተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይገኛል።

ቀጥሎ ትልቁ ኤሌክትሮሊቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቻሲው ላይ የቆመ የአሉሚኒየም ጣሳ ሆኖ 50+50 ማይክሮፋራድ፣ 350 ቮልት ይጻፍበታል። ለመልኩ ሲባል ጣሳውን እዚያው ተዉት፣ ሽቦዎቹን ግን ሙሉ በሙሉ ንቀሉለትና ከሥር ሁለት ባለ 47 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት አስገቡ። «ትልቅ ከሆነ ይሻላል» ብሎ ከቴሌቪዥን የወጣ 220 ማይክሮፋራድ ማስገባት ኢዜድ 80ን ይገድለዋል፤ የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ እንዳይበልጥ የቫልቩ መግለጫ ይደነግጋል። ካፓሲተሩ ኃይል ሲሞላ የሚስበው ድንገተኛ ኃይል ካቶዱን ይልጠዋል። ጣሳው ከቻሲው ጋር በቀጥታ መነካቱን ወይም በመሐሉ ቡናማ የካርቶን ቀለበት መኖሩንም እዩ። ቀለበት ካለ ኔጌቲቩ ከቻሲው ጋር አይገናኝም ማለት ነው፤ አዲሶቹም ኔጌቲቫቸው የድሮው በነበረበት ቦታ ላይ እንጂ ቻሲው ላይ አይሁን።

አንዳንድ ግሩንዲግና ቴሌፉንከን በኢዜድ 80 ፋንታ ጠፍጣፋ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር አላቸው። ሲያረጅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲቃጠል ደግሞ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ከሸተታችሁ መስኮት ክፈቱና ውጡ። በአራት 1ኤን4007 ዳዮዶች ተኩት። ዳዮድ ከሴሌኒየም ያነሰ ቮልት ስለሚጥል ከፊቱ ባለ 5 ዋት ከ47 እስከ 100 ኦም ሬዚስተር ጨምሩ፣ አለበለዚያ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ሬዚስተሮች በዕድሜ ዋጋቸው ወደ ላይ ይሄዳል። ከ20 በመቶ በላይ የራቀውን ቀይሩ፤ በተለይ የኢኤቢሲ 80ን የአኖድ ሬዚስተር፣ ብዙ ጊዜ 220 ኪሎ ኦም የሆነውን፣ እና በኢኤል 84 3ኛ እግር ያለውን ከ130 እስከ 180 ኦም የሆነውን ለኩ።

ገመድ፣ ፊውዝ፣ ቮልቴጅ መምረጫ

የጎማው ሽፋን ሲታጠፍ የሚፈረፈር ገመድ ይቀየር። ሁለት ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል፤ መግቢያው ላይ እንዳይሳብ አጥብቃችሁ እሰሩት። የዚህ መጠን ሬዲዮ ከ40 እስከ 60 ዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት 0.5 አምፒር ቀርፋፋ ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዙ ቦታ በሽቦ ወይም በብር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ካገኛችሁ ቀድሞ አንድ ችግር ነበረ ማለት ነው፤ ትራንስፎርመሩን በጥንቃቄ እዩ።

ከጀርባ ያለው ቮልቴጅ መምረጫ 110 ወይም 127 ላይ ቆሞ እንዳይሆን አረጋግጡ። ከዚያ የቤታችሁን መስመር በቴስተር ጠዋትም ማታም ለኩ። ብዙ ጊዜ ከ230 በላይ የሚቆም ከሆነና ሬዲዮው 240 ወይም 245 የሚል ቦታ ካለው እዚያ ላይ አድርጉት። ቫልቭና ትራንስፎርመር በዝቅተኛ ቮልት ይሻላቸዋል።

የትራንስፎርመሩን ጥቅልሎች በኦም ለኩ። የ220ው ጥቅል እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 60 ኦም አካባቢ፣ የከፍተኛው ቮልቴጅ እያንዳንዱ ግማሽ ከ150 እስከ 400፣ የማሞቂያው ከ1 ኦም በታች ያሳያል። የድምፅ ትራንስፎርመሩ አንደኛ ጥቅል ከ200 እስከ 600 ኦም ይሆናል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

ኃይል መስጠት

በቀጥታ አትሰኩት። አንድ የአምፖል መያዣና አንድ ሶኬት በተከታታይ አያይዙ፣ መያዣው ላይ ባለ 60 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል አስገቡ። ኤልኢዲም ቆጣቢም አይሆንም፤ የሚፈለገው ሲግል ኃይሉን የሚገድበው ክር ነው። ሬዲዮው ውስጥ አጭር ግንኙነት ካለ አምፖሉ ሙሉ ይበራል፣ ሬዲዮው ግን ይተርፋል።

መጀመሪያ ኢዜድ 80ን ነቅላችሁ አብሩ። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይቀላል፣ የቀሩት ቫልቮች ውስጥም ደካማ ጭላንጭል ይታያል። አምፖሉ ሙሉ ከበራ የትራንስፎርመሩ ወይም የመግቢያው ካፓሲተር ችግር ነው። ደህና ከሆነ ኢዜድ 80ን መልሱ፣ ስፒከሩ መያያዙን አረጋግጡ። ስፒከር ሳይኖር ድምፅ ማውጣት የድምፅ ትራንስፎርመሩን ሊበሳው ይችላል። እንደገና አብሩ፤ ቀስ ብሎ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ጣቢያ ሹክሹክታ ሊሰማም ይችላል። አምፖሉ እየጠነከረ ከሄደ ወዲያው ንቀሉ።

እዚህ ላይ 250 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ፣ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ይቆያል። ከመንካታችሁ በፊት ባለ 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቩ ለአሥር ሰከንድ አገናኙና ማለቁን በቴስተር አረጋግጡ። በካቻቢቴ ማገናኘት ካፓሲተሩንም ካቻቢቴውንም ይጎዳል። የበራ ሬዲዮ ላይ ስትለኩ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ቻሲው ላይ በመቆንጠጫ አሲዙ፣ በአንድ እጅ ብቻ ለኩ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አትቁሙ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ።

በአምፖሉ ደህና ሲሆን በቀጥታ ሰክታችሁ እነዚህን ለኩ። የመጀመሪያው ካፓሲተር ላይ ከ250 እስከ 290 ቮልት፣ የኢኤል 84 7ኛ እግር (አኖዱ) ላይ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ 3ኛ እግሩ ላይ ወደ 7 ቮልት። የ3ኛውን እግር ቮልት ለሬዚስተሩ ስታካፍሉ ቫልቩ የሚስበው ይወጣል፦ 7 ቮልት በ150 ኦም ላይ 47 ሚሊ አምፒር ነው፣ ደህና ነው። 11 ቮልት ካሳየ 73 ይሆናል፤ የቫልቩ ጣሪያ 65 ስለሆነ አጥፉት። 2ኛውን እግር ለኩ። ፖዘቲቭ ካሳየ ቫልቩን ነቅላችሁ ለአጭር ጊዜ እንደገና ለኩ፤ ቮልቱ አሁንም ካለ ጥፋቱ የካፓሲተሩ፣ ከጠፋ የቫልቩ ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ወፍራም ጉርምርምታ ካለና ድምፁን ስትቀንሱም ካልቀነሰ የኤሌክትሮሊቲኩ ወይም የኔጌቲቩ አገናኝ ነው። ከኢኤል 84 ውስጥ አንድ ቀጭን ጥምዝ ሽቦ ቀልቶ ከታየ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ተበጥሶ አኖዱ ኃይል አጥቷል፣ የሚቃጠለው ስክሪን የሚባለው ይኸው ጥምዝ ሽቦ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ አጥፉ። ባንድ ሲቀየር የሚንኳኳውና የሚጠፋው ከቆሸሸ መገናኛ ነው፤ አልኮል የነካ ወፍራም ወረቀት በመገናኛዎቹ መሐል እያሳለፋችሁ አጽዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ግን አትፈግፍጉ፤ የብሩ ልባጥ ይነሳል። አረንጓዴው ዓይን፣ ኢኤም 80 ወይም ኢኤም 84፣ ከደበዘዘ ሽፋኑ አልቋል፤ መቀየር እንጂ ማደስ የለም፣ ሬዲዮው ግን ያለሱም ይሠራል።

አይጥ የበላውን የስፒከር ወረቀት በስስ ወረቀትና በውኃ በቀጠነ ኮላ ለጥፉ። ኮላው ከበዛ ወረቀቱ ይደነድንና ድምፁ ይታፈናል።

ሰም የተደፈነባቸውን የአሉሚኒየም ጣሳዎች ራስ ላይ ያሉትን መዞሪያዎች አትንኩ። በ460 ኪሎኸርዝ አካባቢ ተስተካክለው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፣ ያለ መለኪያ መሣሪያም ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ደካማ ሬዲዮ ሲያገኙ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያዞሩት እነዚህን ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሌላ ቦታ ነው።

አንቴናና ጣቢያ

ለመካከለኛና ለአጭር ሞገድ ከ10 እስከ 15 ሜትር የተሸፈነ ሽቦ ከጣሪያ ወደ ዛፍ ዘርጉ፤ ከቆርቆሮው አርቁት። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው ላይ መብረቅ ስለሚበዛ ሬዲዮው በማይሠራበት ሰዓት አንቴናውን ነቅላችሁ ደጅ ካለ የመሬት ዘንግ ጋር አገናኙት። ቻሲው ከመብራት ጋር በሚገናኘው ሬዲዮ ላይ የመሬት ሽቦ በቀጥታ ቻሲው ላይ አታሥሩ።

ኤፍ ኤም ያላቸው የዚያ ዘመን ሬዲዮዎች ዳያላቸው ብዙ ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል፤ እንደ 102.1 ያለ ጣቢያ አለመግባቱ ብልሽት አይደለም። አጭር ሞገድ ላይ ጩኸት ብቻ ከሰማችሁ የስልክ ቻርጀሮችንና ኤልኢዲ አምፖሎችን አንድ በአንድ አጥፉ፤ ዛሬ ትልቁ የጩኸት ምንጭ እነሱ ናቸው። መካከለኛ ሞገድን ከመሸ በኋላ ሞክሩት።

ዳያሉ ላይ ቁጥሩ በሜትር ከሆነ 300,000ን ለኪሎኸርዙ አካፍሉ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የሚታወቅበት 873 ኪሎኸርዝ 344 ሜትር አካባቢ ይመጣል። አንድ ጣቢያ ጥርት ብሎ እየተሰማ ጠቋሚው ከቁጥሩ ትንሽ ከዘነበለ፣ ጣቢያውን ሳትለቁ ጠቋሚውን ብቻ ክሩ ላይ አንሸራትታችሁ ቁጥሩ ላይ አቁሙትና በአንድ ጠብታ ኮላ አሲዙት።